ከፍና ዝቅ የሚለው የስቴሽን ዋገን ወለል እና የጅማ ጭነት

ስቴሽን ዋገን ጣሪያው ከኋላ ወንበር አልፎ እስከ መኪናው ጫፍ የሚዘልቅ፣ የኋላ በሩም ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት የቤት መኪና ነው። በአገራችን ይህ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ላንድክሩዘርን ያስባል። እዚህ የሚወሱት ግን እንደ ቶዮታ ኮሮላ፣ ስኮዳ ኦክታቪያና ቮልስዋገን ፓሳት ካሉ አውቶሞቢሎች የወጡት፣ ከመሬት ብዙም የማይርቁ ባለ ረጅም ጀርባ መኪኖች ናቸው። ከእነዚህ በርካቶቹ የዕቃ መጫኛቸውን ወለል በሁለት ደረጃ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ። ቡና፣ ማርና የእንጨት ዕቃ ለሚጫንባት ጅማ፣ የመጫኛውን ስፋት ከሚናገረው የሊትር ቁጥር በፊት መታየት ያለበት ይህ ወለል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጫኛው ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ሁለት እርከኖች አሉ፤ ጠንካራው ሰሌዳ በእጅ ተነሥቶ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ታች ሲውል ጥልቀት ይገኛል። ላይ ሲውል ከበሩ ደፍ ጋር እኩል ይሆናል፤ የኋላ ወንበሮች ሲታጠፉም ከመደገፊያቸው ጀርባ ጋር ገጥሞ እስከ ፊት ወንበሮቹ ድረስ ለጥ ያለ መጫኛ ይሠራል። በሥሩ በሚቀረው ክፍተት ክሪክ፣ ጎማ መፍቻና ገመድ ይገባሉ። ቱሪንግ ስፖርትስ የሚባለው የኮሮላ ስቴሽን ዋገን ሰሌዳ ደግሞ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ምንጣፍ የለበሰ፣ ሌላው በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ፕላስቲክ። ክረምቱ ረጅም፣ ጭቃውም ብዙ በሆነበት በጅማ አካባቢ የፕላስቲኩ ገጽ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አምራቾች የሚያወጡት የሊትር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ዘዴ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ወርድና 5 ውፍረት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 1 ሊትር የሆኑ ጡቦች መጫኛው ውስጥ ይደረደራሉ፤ የገቡት ይቆጠራሉ። በዚህ ዓይነት ልኬት አራተኛው ትውልድ ኦክታቪያ ኮምቢ 640 ሊትር፣ ወንበሮቹ ሲታጠፉ 1,700 ሊትር ይይዛል። የዚያው መኪና ከውጭ ቻርጅ የሚደረገው ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራው) ግን ባትሪው ቦታ ስለሚሻማው ወደ 490 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሆንዳ ሲቪክ ቱረር 624 ሊትር ሲባልለት፣ ከወለሉ ሥር ያለው ጥልቅ ክፍተትም አብሮ ተቆጥሮለት ነው። ገዢ ሁለት ቁጥሮችን ከማወዳደሩ በፊት ወለሉ በየትኛው እርከን ላይ ሆኖ እንደተለካ ቢጠይቅ አይከፋም።

ጡብ ግን ቡና አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። ወለሉ ታች ከሆነ ጆንያው ደፉን አልፎ ይገባል፤ በሚራገፍበት ጊዜ ግን ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ ጆሮና ጆሮውን ይዘው፣ ከጉድጓዱ ወደ ላይ መንቀል አለባቸው። የወገብ ሕመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወለሉ በላይኛው እርከን ከሆነ የጆንያው አንድ ጫፍ ደፉ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ይገፋል፤ ሲወጣም ተጎትቶ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ታዲያ ላይኛው እርከን የተወሰነ ክብደት ብቻ የሚችል ነውና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ማየት ግዴታ ነው። ብዙ ጆንያ የሚጫን ከሆነ ሰሌዳውን ታች አውርዶ፣ ወገብን ለሚጎዳው ሥራ ተጨማሪ ሰው መያዝ ይሻላል።

ማር ተቃራኒውን ይፈልጋል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ወደ 28 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ያህል ክብደት ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ከቆመ በመጀመሪያው ኩርባ ይገለበጣል። ታች ወርዶ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቢቀመጥ ግን ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ጅማ የምትታወቅበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ ቦታ መፍጀቱ ነው የሚያስቸግረው። አንዱን አቁሞ ሌላውን ገልብጦ እግር በእግር መሃል ማስገባት ይቻላል፤ የታችኛው እርከን አንድ ተጨማሪ ድርድር ያስገኛል።

በሊትር የሰፋ መኪና በኪሎ ሊጠብ ይችላል። አንድ ሊትር ጥሬ ቡና ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን 600 ሊትር መጫኛ በቡና ከተሞላ ከ300 ኪሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ሾፌርና ተሳፋሪ ሲጨመሩ የብዙዎቹ መኪኖች የመሸከም አቅም ያልቃል። ከኋላ አክሰል ወዲያ የተከመረ ጭነት የመኪናውን አፍንጫ ያነሣል፤ የፊት ጎማ መሬት የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ መብራቱም የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ከጅማ አዲስ አበባ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት ይህን ስሕተት አይምርም። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ወለሉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ይታሰር። ወንበሮቹ ታጥፈው ከሆነ መረብ ያስፈልጋል። በድንገተኛ ፍሬን ወደ ፊት የሚወረወር ጆንያ የሾፌሩን ወንበር የሚመታው በ60 ኪሎ ክብደቱ ብቻ አይደለም።

ሥራንና ቤተሰብን በአንድ መኪና የማጣመር ሐሳብ የቆየ ነው። የቮልቮ ዱኤት እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ ዓላማ ወጣ። በአፍሪካ መንገዶች የተመሰገነው የፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ከሴዳኑ 16 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ነበር፤ የዚያ ዘመን መኪኖች ወለል ግን የማይንቀሳቀስ ነው።

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ መኪና ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ባትሪው የት እንደተቀመጠ ማየት ይገባል። ከተሳፋሪው እግር ሥር ከሆነ መጫኛው ብዙም አይነካም። አሮጌ ስቴሽን ዋገን ላለው ሰው ደግሞ አናጺ መፍትሔ አለው፤ በሞራሌ እግሮች ላይ የተዘረጋ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ወንበሩ ሲታጠፍ የሚቀረውን እርከን ያስተካክላል። ሰሌዳው ሁለት ቦታ ተቆርጦ በማጠፊያ ይያያዝ፤ አለበለዚያ ስኮርታ ጎማ ባስፈለገ ቁጥር ጭነቱ ሁሉ መውረዱ ነው። እግሮቹም ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ይታሰሩ።