ሁለት ፓይፕላይን ማጣመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምሥራቅ ጎጃምን የጤፍ ምርት በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሆን የሚተነብይ ሞዴል በሳይኪት ለርን (በፓይተን የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) እየሠራን ነው እንበል። ሰንጠረዡ ወረዳ (ደጀን፣ እነማይ፣ ሸበል በረንታ)፣ አፈር (ጥቁር ወይም ቀይ)፣ ዝናብ፣ ማዳበሪያና ከፍታ አለው። ለቁጥሮቹ የጎደለውን በሚዲያን (በመካከለኛው ዋጋ) ሞልቶ ስኬል የሚያደርግ (ወደ ተቀራራቢ መጠን የሚያመጣ)፣ ለጽሑፎቹ ደግሞ ዋን ሆት ኢንኮደር (ለእያንዳንዱ ስም የ0 እና 1 አምድ የሚሠራ) ያለበት ፓይፕላይን፣ ማለትም ተከታታይ የማዘጋጃ እርምጃዎች፣ ለየብቻ ተሠርቷል። ጣጣው ሲጣመሩ ይመጣል።

«ፊቸር ዩኒየን ውስጥ ካስገባኋቸው የየራሳቸውን አምድ ይወስዳሉ።»
አይወስዱም። ፊቸር ዩኒየን ሙሉውን ሰንጠረዥ ለሁለቱም ይሰጥና ውጤታቸውን ጎን ለጎን ይደረድራል እንጂ አያከፋፍልም። የቁጥሩ ፓይፕላይን «ደጀን» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰው ሚዲያን ማስላት አቅቶት ይቆማል። አምድ የሚያከፋፍለው ኮለምን ትራንስፎርመር ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም፣ ፓይፕላይንና የአምዶች ዝርዝር ይሰጠዋል።

«ያልጠቀስኩት አምድ እንዳለ ያልፋል።»
ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ምንም ኤረር አያወጣማ። ሪሜይንደር የሚባለው ፓራሜትር ካልተነካ ዋጋው «ድሮፕ» ነው፣ ያልተጠቀሰ አምድ ይጣላል። ከፍታን ብንረሳ ሞዴሉ ዝም ብሎ ይሠለጥናል። የወረዳ ስም ደግሞ ከፍታን አይተካም፤ ደጀን ብቻ እንኳ ከደጋው ሜዳ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ሪሜይንደርን «ፓስትሩ» (እንዳለ ይለፍ) ማለት ይቻላል፣ ግን አምዱ ስኬል ሳይደረግ፣ ጽሑፍ ከሆነም ጽሑፍ እንደሆነ ሞዴሉ ጋ ይደርሳል። የሚሻለው ከሥልጠና በኋላ የሚወጡትን አምዶች መቁጠር ነው፦ 3 ቁጥሮች፣ 3 ወረዳዎች፣ 2 አፈሮች፣ በድምሩ 8። 7 ከሆነ አንዱ ወድቋል።

«ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።»
ይለወጣል። ውጤቱ ፓይፕላይኖቹ በተጻፉበት ተራ ይሰለፋል፣ በፓስትሩ ያለፈው መጨረሻ ይመጣል። አምዶችን በስም እንጂ በተራ ቁጥር አትጥሩ።

«ቀድሞ የሠለጠነ ፓይፕላይን የተማረውን ይዞ ይገባል።»
ኮለምን ትራንስፎርመር ሲሠለጥን የእያንዳንዱን ቅጂ ወስዶ ከዜሮ ያስተምራል፤ ዋናው እንደነበረ ይቀራል። ደግሞም ይጠቅማል፦ ጥምሩን ከሞዴሉ ጋር በአንድ ትልቅ ፓይፕላይን አስገብተን ክሮስ ቫሊዴሽን (ዳታውን ከፋፍሎ በየዙሩ በአንዱ ክፍል መፈተን፣ በቀሪው ማሠልጠን) ብናደርግ፣ ሚዲያኑ በየዙሩ ከማሠልጠኛው ክፍል ብቻ ይሰላል። ሸበል በረንታ በሙሉ ወደ መፈተኛው ከወደቀ ግን ኢንኮደሩ አላውቀውም ይልና የዚያ ዙር ውጤት «ናን» (ቁጥር ያልሆነ) ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ኢንኮደሩ የማያውቀው ስም ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው «ሀንድል አንኖውን» ከመጀመሪያው «ኢግኖር» (ችላ በል) ይደረግ።