የአሜሪካ የዱር ምድርና የወንዞች ጥበቃ ሕጎች

በአሜሪካ የፌዴራል መሬት ላይ ዱሩንና ወንዙን ከመንገድ፣ ከግድብና ከግንባታ የሚጠብቁት ዋነኛ ሕጎች ሁለት ናቸው፦ በ1964 የወጣው የዱር ምድር ሕግና በ1968 የወጣው የወንዞች ሕግ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

መነሻቸው የግድብ ክርክር ነው። በኮሎራዶና በዩታ ድንበር፣ ዳይኖሰር በተባለው የፌዴራል ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ግድብ ሊሠራ ታስቦ በ1950ዎቹ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ቀረ። ከተሟጋቾቹ አንዱ ሃዋርድ ዛህናይዘር በ1956 የመጀመሪያውን የዱር ምድር ሕግ ረቂቅ ጻፈ። ረቂቁ ከ60 ጊዜ በላይ ተከልሷል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መስከረም 1964 ሲፈርሙበት ግን ዛህናይዘር ከሞተ አራት ወር ሆኖት ነበር።

የሕጉ ጉልበት ያለው ሥልጣኑን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ነው። ቀድሞ የደን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ውሳኔ የከለለውን ራሱ መልሶ ሊከፍት ይችል ነበር፤ ከ1964 ወዲህ ዱር ምድር ብሎ የሚሰይመውም ስያሜውን የሚያነሳውም ኮንግረስ ብቻ ነው። በክልሉ ውስጥ መኪና፣ ሞተር ያለው መሣሪያ፣ ብስክሌት እንኳ አይገባም። መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ በድርድር የወጣ ነውና ቀድሞ የነበረ የከብት ግጦሽ እንዲቀጥል፣ አዲስ የማዕድን ይዞታም እስከ 1983 መጨረሻ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። የመጨረሻው፣ በእኔ ግምት፣ ከበድ ያለ ዋጋ ነበር።

በ3.7 ሚሊዮን ሄክታር የተጀመረው ጥበቃ ዛሬ ከ800 በላይ በሆኑ ስፍራዎች ወደ 45 ሚሊዮን ሄክታር ደርሷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው አላስካ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም ጂሚ ካርተር በ1980 በፈረሙት ሕግ የተካለለ ነው።

የወንዞቹ ሕግ ለዘብ ይላል። ወንዞችን እንደ ዳርቻቸው ልማት መጠን በሦስት ደረጃ ይመድባል፤ በተሰየመው ክፍል ላይም የፌዴራል መንግሥት የግድብ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የግል መሬትን ግን በቀጥታ አያዝም። ለዚህ ሕግ የኮንግረስ ድምፅ ብቸኛው በር አይደለም፦ ወንዙን በራሱ ሕግ የጠበቀ ክፍለ ግዛት ካለ፣ በገዥው ጥያቄ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሊሰይሙት ይችላሉ። በስምንት ወንዞች ተጀምሮ ዛሬ ከ200 በላይ ወንዞችን፣ 21,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያቅፋል፤ ከአገሪቱ ወንዞች ጠቅላላ ርዝመት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

አዲስ ስፍራ ለመጨመር የሚቀርቡ ረቂቆች ብዙ ጊዜ ለዓመታት ይጓተቱና በአንድ ትልቅ ሕግ ታጭቀው ያልፋሉ። ባራክ ኦባማ በ2009 የፈረሙት ሕግ እንዲህ ያለ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ800,000 ሄክታር በላይ ዱር ምድር ጨምሯል።