«አይፒ አልሰጥ አለኝ»፦ ስለ ዲኤችሲፒ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስልኩ ዋይፋይ ላይ «አይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በማግኘት ላይ» ብሎ ድርቅ ሲል ብዙ ሰው የሚረግመው ቴሌን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

«አይፒ የሚሰጠኝ ቴሌ ነው»
ከቴሌ አድራሻ የሚቀበለው ራውተሩ ነው። ለስልኩ፣ ለላፕቶፑ፣ ለቲቪው ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን የሚያድለው ደግሞ ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ማደሉን አይተውም። ስልኩ ገና አድራሻ ስለሌለው ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም ለሁሉም፣ «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ብሎ ይጣራል። ራውተሩ «ይቺን ውሰድ» ይላል፣ ስልኩ «እሺ፣ እሷን ስጠኝ» ይላል፣ ራውተሩ ያጸድቃል። አራት መልእክት፣ አለቀ። ከቁጥሩ ጋር ሰብኔት ማስክ (የቤቱን ኔትወርክ ወሰን የሚያሳይ ቁጥር)፣ ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው ራውተር አድራሻ) እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይር አገልጋይ አድራሻ) አብረው ይመጣሉ።

«አንዴ ከያዝኩት የኔ ነው»
ካፌዎችን የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። አድራሻው የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ነው፤ ስልኩ እዚያው ከቆየ ጊዜው ሲጋመስ ያስታድሳል። አሁን አንድ ካፌ ራውተሩ ከ192.168.1.100 እስከ 199 ያድላል እንበል። 100 አድራሻ ነው ያለው። ገደቡ 24 ሰዓት ከሆነ፣ ጠዋት ማኪያቶውን ጠጥቶ የወጣ ሰው አድራሻ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ እንደተያዘ ይቆያል፣ ምክንያቱም ስልኮች ሲሄዱ «መልሻለሁ» ብለው የመሰናበት ልማድ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ 101ኛው ደንበኛ ሲገባ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ አይፒ ግን የለም። አስተናጋጁ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፤ አንዳንዱ ራውተር መዝገቡን ስለሚረሳ ለጊዜው ይሠራል፣ ነገ እንደገና ያው ነው። ገደቡን ወደ 1 ሰዓት ማውረድ በቂ ነበር። ሳንቲም አያስወጣም።

«169.254 ካየሁ አይፒ አግኝቻለሁ»
ተቃራኒው ነው። ጠርቶ መልስ ያጣ ኮምፒውተር ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው።

«ዲኤችሲፒን ካጠፋሁ ጎረቤት ዋይፋዬን አይጠቀምም»
ፓስወርዱን ያወቀ ሰው አድራሻውን በእጁ ይሞላል። የምትቸገሩት እናንተው ናችሁ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ፓስወርዱን ቀይሩ።

«ፕሪንተር ላይ አይፒ የግድ በእጅ መሞላት አለበት»
ራውተሩ ላይ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) አስመዝግቡ፣ ሁሌም ያንኑ አይፒ ይሰጠዋል። ለስልክ ግን ተጠንቀቁ፤ አዳዲሶቹ ለየዋይፋዩ የተለያየ ማክ ያሳያሉ።

«ሁለተኛ ራውተር ብሰካ ምን ችግር አለው?»
ዋይፋዩን ያሰፋል፣ እውነት ነው። በላን ወደቡ (የውስጥ መሣሪያዎች በገመድ በሚሰኩበት ቀዳዳ) ሰክታችሁ ዲኤችሲፒውን ሳታጠፉ ከተዋችሁት ግን ቢሮው ሁለት አዳይ ይኖረዋል፣ ኮምፒውተሩም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ግማሹ ሠራተኛ ይሠራል፣ ግማሹ «ኮኔክሽን የለም» ይላል። እምቢ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጌትዌዩን እዩ። የአዲሱ ራውተር ቁጥር ከሆነ፣ ገብታችሁ የሱን ዲኤችሲፒ አጥፉና ኮምፒውተሩን ከኔትወርኩ አላቅቃችሁ መልሱት።