«የስፒሪት ኢፌክት» ምንድን ነው? ጄትብሉ ስፒሪትን ሊጠቀልል ሲል ፍርድ ቤት ለምን ከለከለው?

አሜሪካ የኖራችሁ ሰዎች ቢጫ የተቀባውን የስፒሪት አውሮፕላን ሳታዩት አትቀሩም። የስፒሪት አሠራር ቀላል ነበር። ትኬቱን በጣም ርካሽ አድርጎ ይሸጥላችኋል፣ ከዚያ ከፊት ለፊት ወንበር ሥር ከምትገባው ትንሽ ቦርሳ ውጪ ለሁሉም ነገር ያስከፍላችኋል። ላይ ለሚቀመጥ ሻንጣ ክፈሉ፣ ወንበር ለመምረጥ ክፈሉ፣ ለውኃም ክፈሉ። ብዙ ሰው ተማሮበታል።

ግን ስፒሪትን አንድም ቀን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰውም በስፒሪት ምክንያት ገንዘብ ተርፎት ሊሆን ይችላል። «የስፒሪት ኢፌክት» የሚባለው ይሄ ነው። ስፒሪት አንድ መስመር ላይ መብረር ሲጀምር እዚያ መስመር ላይ የቆዩት አየር መንገዶችም ዋጋ ይቀንሳሉ። አስተሳሰቡ አዲስ አይደለም፤ በ1993 የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሳውዝዌስት የሚባለው ርካሽ አየር መንገድ በገባበት ሁሉ ዋጋ ሲወርድ አይቶ «የሳውዝዌስት ኢፌክት» ብሎት ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይቀንሳሉ? ስፒሪት በ60 ዶላር የሚሸጠውን መንገድ ሌላው በ180 ቢሸጥ ዋጋ የሚያሳድደው ተሳፋሪ ጥሎት ይሄዳል፣ ስለዚህ ትልቁም ቢሆን ቢያንስ ጥቂት ወንበሮችን ማርከስ ይኖርበታል። ዛሬ «ቤዚክ ኢኮኖሚ» የምንለው፣ የትልልቆቹ አየር መንገዶች በጣም ርካሹ ትኬት የመጣው እንደዚህ ነው። ግዙፉ አየር መንገድ ዴልታ በ2012 ገደማ ሲጀምረው የሞከረው ከስፒሪት ጋር በሚፎካከርባቸው መስመሮች ላይ ነበር። አሜሪካን እና ዩናይትድ የሚባሉት ሌሎቹ ግዙፎችም በኋላ ተከተሉት። እኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ አንድ ትንሽ አየር መንገድ የግዙፎቹን የዋጋ ዝርዝር አስለወጠ።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። በ2022 መጀመሪያ ስፒሪት ከሌላው ርካሽ አየር መንገድ፣ ከፍሮንቲየር ጋር ሊዋሃድ ተስማምቶ ነበር። ጄትብሉ የሚባለው ሌላ የአሜሪካ አየር መንገድ መሀል ገባና የተሻለ ገንዘብ አቀረበ። በሐምሌ ወር የስፒሪት ባለአክሲዮኖች የፍሮንቲየርን ስምምነት ሳያጸድቁት ቀሩ፣ በማግስቱ ስፒሪት በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ለጄትብሉ ሊሸጥ ተፈራረመ። በመጋቢት 2023 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተወሰኑ ክፍለ ግዛቶች ጋር ሆኖ ግዢውን ለማስቆም ከሰሰ።

ክሱ ላይ የቀረበው ከባድ ማስረጃ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ ከራሱ ከጄትብሉ ነው። በጄትብሉ ግምት ስፒሪት አንድ መስመር ላይ ሲገባ አማካይ ዋጋ በ17 በመቶ ይወርዳል። አንድ የውስጥ ሰነዱ ደግሞ ስፒሪት ከመስመር ሲወጣ ዋጋው በ30 በመቶ እንደሚወጣ ይገምታል። ከዚህ በላይ ጄትብሉ የስፒሪትን አውሮፕላኖች በራሱ ቀለምና አቀማመጥ ሊቀይራቸው አስቦ ነበር፣ ይህም ማለት ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ወንበር ይነሳል ማለት ነው። ለእግር ሰፊ ቦታ፣ ጥሩ አገልግሎት፣ እውነት ነው። ግን ወንበሩ ሲያንስ የቀረው ይወደዳል። የመጀመሪያው ተጎጂም ለእግሩ ቦታ ምንም ያልጨነቀው፣ እናቱን ለማየት ወይ ለሠርግ በዓመት አንዴ የሚበር ሰው ነው።

የጄትብሉ መከራከሪያ እንዲሁ የሚጣል አልነበረም። አሜሪካን፣ ዴልታ፣ ዩናይትድ እና ሳውዝዌስት የአገር ውስጡን ገበያ 80 በመቶ ያህል ይዘውታል። ብዙዎቹም እዚህ የደረሱት ሌሎችን እየጠቀለሉ ነው፤ ዴልታ ኖርዝዌስትን በ2008፣ ዩናይትድ ከኮንቲኔንታል ጋር በ2010፣ አሜሪካን ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር በ2013። «እኛ ትንንሾቹ ካልተደመርን እንዴት እንቋቋማቸዋለን?» ነው ጥያቄው። በዚያ ላይ ጄትብሉ በኒውዮርክ፣ በኒውዋርክ፣ በቦስተን እና በፎርት ላውደርዴል ያሉትን አንዳንድ የስፒሪት የመነሻና የማረፊያ መብቶችና በሮች ለፍሮንቲየርና አሌጂያንት ለሚባለው ሌላ ርካሽ አየር መንገድ ለመልቀቅ ቃል ገብቶ ነበር።

ችግሩ ግን ተሳፋሪ «የአሜሪካ ገበያ» የሚባል ነገር አይገዛም። የሚገዛው ከአንድ ከተማ ወደ አንድ ከተማ የሚወስድ መንገድ ነው። ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ቢትረፈረፍ ከሜክሲኮ ሳሪስ ለሚሄድ ሰው ምን ይፈይድለታል? ስለዚህ የውድድር ሕግ መስመር በመስመር ያያል። ከቦስተን ወደ ፖርቶ ሪኮዋ ሳንሁዋን ጄትብሉም ስፒሪትም ይበሩ ነበር እንበል፣ ከተዋሃዱ እዚያ መስመር ላይ አንድ ተፎካካሪ ጠፋ፤ ሌላ ቦታ ዴልታን መገዳደራቸው ለዚያ ተሳፋሪ ምንም አይመልስለትም።

ዳኛ ዊልያም ያንግ ቦስተን ላይ በጥር 16 ቀን 2024 ግዢውን ከለከሉ። የተመሠረቱበት የክሌይተን ሕግ የወጣው በ1914 ነው፤ ውድድርን በእጅጉ ሊያዳክም የሚችልን ግዢ ይከለክላል። «ሊያዳክም የሚችል» የሚለውን ልብ በሉ፣ ጉዳቱ እስኪደርስ አይጠበቅም። ውሳኔው መጨረሻ ላይ ዳኛው ስፒሪት ትንሽ አየር መንገድ ቢሆንም የሚወዱት ሰዎች እንዳሉ ጽፈው ፍርዱን ለእነሱ አበረከቱት። ከአንድ ዳኛ ብዙ ጊዜ የማይሰማ ነገር ነው። በመጋቢት ሁለቱ ስምምነቱን አፈረሱ፣ ጄትብሉም ለስፒሪት 69 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

በዚያው ዓመት አላስካ አየር መንገድ ሃዋይያን አየር መንገድን በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ግን ፍትሕ ሚኒስቴር አልከሰሰም። ስለዚህ ግዢ ሁሉ ይከለከላል ማለት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ብዙ መስመር ላይ አይጋጩም ነበር፣ የስፒሪትን ዓይነት ዋጋ ሰባሪ ሚናም አልነበራቸውም።

ከዚያ የመጣው ግን ያሳዝናል። ስፒሪት በኅዳር 2024 ከአበዳሪዎች ፋታ የሚሰጠውን የፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ወጥቶ ሳይቆይ በነሐሴ 2025 እንደገና ገባ። «ፍርድ ቤቱ ነው የገደለው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ስፒሪት ከ2019 ወዲህ ዓመታዊ ትርፍ አላየም፣ የሞተር አምራቹ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር ችግር አውሮፕላኖቹን መሬት ላይ አስቀርቶበታል፣ ትልልቆቹም በቤዚክ ኢኮኖሚ ደንበኛውን ቀምተውታል። አዎ፣ ግዢው ቢፈቀድ ባለአክሲዮኖቹ ገንዘባቸውን ይወስዱ ነበር። ርካሹ ትኬት ግን ያኔም ይጠፋ ነበር፣ ያውም ሆን ተብሎ፣ በዕቅድ። አየር መንገድ ሲከስር አውሮፕላኑም የአየር ማረፊያ በሩም ለገበያ ይወጣል፣ ሌላ ርካሽ አየር መንገድ ሊገዛው ይችላል። ተፎካካሪው ሲጠቀልለው ግን ያ ዕድል እዚያው ያበቃል።