የሶሮሪቲ ሪክሩትመንት ምንድን ነው? ለዓይናፋሯ የአንደኛ ዓመት ተማሪ

ሶሮሪቲ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በግሪክ ፊደላት የሚጠራ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው። አባልነቱ በምረቃ አያበቃም፤ ብዙዎቹ በየከተማው የቀድሞ አባላት ስብስብ አላቸው። ሪክሩትመንት ደግሞ ማኅበራቱ አዲስ አባል፣ አዲሷ ተማሪም ማኅበር የምትመርጥበት ሂደት ነው። ተማሪዎች በአጭሩ «ራሽ» ይሉታል።

በቅድሚያ ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእኛ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል። አንደኛው በናሽናል ፓንሄሌኒክ ኮንፈረንስ ሥር ያሉት 26 ማኅበራት የሚከተሉት ነው። ኮንፈረንሱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን ከአባላቱ ቀዳሚዋ አልፋ ዴልታ ፓይ በ1851 በጆርጂያ፣ በሜከን ከተማ ተመሥርታለች። ሁለተኛው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪካዊ ማኅበራት መንገድ ነው። አልፋ ካፓ አልፋ (1908)፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ (1913) እና ዜታ ፋይ ቤታ (1920) ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲግማ ጋማ ሮ (1922) ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ ተመሠረቱ። እነዚህ አራቱ የራሽ ሳምንት የላቸውም። መረጃ የሚሰጥ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ የኮሌጅ ውጤትና የበጎ ፈቃድ ሥራ ያያሉ። ስለዚህ ገና ክፍል ያልጀመረች ተማሪ ወዲያው ልትገባባቸው አትችልም። ልብሽ ወደ እነሱ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ለውጤትሽና ለአገልግሎት አውይው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጀመሪያውን መንገድ ይመለከታል።

ሂደቱ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በኦገስት፣ በሌሎች ደግሞ በጃንዋሪ ይካሄዳል። በኢንተርኔት ትመዘገቢያለሽ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ትከፍያለሽ፣ ፎቶና የሃይስኩል ውጤትሽን ታስገቢያለሽ። ማኅበራቱ ዝቅተኛ የውጤት መስፈርት አላቸው፤ ከዚያ በታች ከሆንሽ ጠባይሽ ምንም ቢያምር ላይጋብዙሽ ይችላሉ። ከዚያ በቡድን ተመድበሽ አንድ አማካሪ ይሰጥሻል። ሮ ጋማ ወይም ፓይ ካይ ትባላለች። በብዙ ግቢዎች ለጊዜው ከራሷ ማኅበር ስለምትለይ የየትኛው አባል እንደሆነች አትነግርሽም። ዓይናፋር መሆንሽን መጀመሪያ የምትነግሪያት እሷን ነው፤ ሥራዋም ይኸው ነው። በኦገስት የፍልሰታን ጾም የምትጾሚ ከሆነም ንገሪያት፣ በረጅም ቀን መሀል የምትበይውን ይዘሽ ሂጂ።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ማኅበራት ታያለሽ። 10 ማኅበር ያለበት ግቢ ብንወስድ ሁለተኛው ዙር ላይ ቢበዛ 7 ወይም 8፣ ሦስተኛው ላይ 5፣ መጨረሻ «ፕሪፈረንስ» በሚባለው ላይ 2 ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጉብኝት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲሆን የመጨረሻው እስከ አንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። የማኅበሩ ቤት በር ሲከፈት ብዙ ልጆች በአንድ ላይ እየዘመሩና እያጨበጨቡ ይቀበሉሻል። ጭምት ልጅን የሚያስደነግጠው ይህ ድምፅ ነው፤ ግን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ወዲያው አንዲት አባል ስምሽን ጠርታ ወደ አንድ ጥግ ትወስድሻለች። ጥቂት ደቂቃ እንዳወራችሁ ሌላ መጥታ ትቀላቀላለች፣ የመጀመሪያዋም ትሄዳለች። ይህ «በምፒንግ» ይባላል። ሰልችተሻት የሄደች አይምሰልሽ፤ ቅያሬው አስቀድሞ የታቀደ ነው።

ከወጣሽ በኋላ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ያነጋገሩሽ ልጆች ስለ አንቺ ያስተዋሉትን ይመዘግባሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴም ቆመው ይናገሩልሻል። በመቶዎች የሚቆጠሩ እጩዎች ባለፉበት ቀን «ጥሩ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ ናት» የሚል ማስታወሻ አይረዳሽም። ጭምቶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ አልተጠሉም፣ የሚታወስ ነገር ግን አልተዉም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ አንድ የሚጨበጥ ነገር ስጫት። «ምን ትማሪያለሽ?» ስትባዪ «ነርሲንግ» ብለሽ አትቁሚ፤ «ነርሲንግ፣ አያቴን ሆስፒታል ሳስታምም ነው የወደድኩት፤ አንቺስ?» በያት። ከየት መጣሽ፣ ምን ትማሪያለሽ፣ በጋውን ምን ሠራሽ፣ ከማኅበር ምን ትፈልጊያለሽ የሚሉት አራት ጥያቄዎች በየቤቱ (ማኅበሩን ራሱን «ቤት» ይሉታል) ስለሚመላለሱ መልሳቸውን አስቀድመሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። በትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ፍላጎት የሌለሽ ያስመስላል። ስምሽን ለመጥራት ከከበዳቸው አንዴ ቀስ ብለሽ አስተካክዪላቸው፤ አሳጥረሽ የማትወጂውን ስም አትቀበይ። ስለ ወንድ፣ መጠጥ፣ ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና ገንዘብ ማውራት በልማድ አይወደድም።

አሁን ወደ ምርጫው ስሌት እንምጣ፤ ብዙ እንባ የሚፈሰው ይህን ካለማወቅ ነው። ከየዙሩ በኋላ አንቺ ማኅበራቱን በደረጃ ታስቀምጫለሽ፣ እነሱም የሚጋብዟቸውን ይዘረዝራሉ፣ ኮምፒውተሩ ያገናኛል። አንድ ማኅበር ስንት ሰው መጋበዝ እንደሚችል የሚወሰነው በቀደሙት ዓመታት ከጋበዛቸው ስንቱ እንደተመለሱለት ታይቶ ነው። ሁሉም የሚመኘው ማኅበር ስለዚህ ጥቂት ብቻ ይጋብዛል፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮም ብዙ ልጆችን ለመልቀቅ ይገደዳል። ዝነኛው ቤት በሁለተኛው ቀን ካልጠራሽ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ተስፋ ቆርጠው የሚወጡ ልጆች ገና በደንብ ያላዩዋቸውን ቤቶች ጥለው ይሄዳሉ፤ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ዙር ቆዪ እንላለን።

ከፕሪፈረንስ በኋላ የምትፈርሚው ሰነድ የሚያስር ውል ነው። ደረጃ ሰጥተሽ ከጻፍሻቸው ማኅበራት አንዱ «ቢድ»፣ ማለትም የአባልነት ጥሪ ቢሰጥሽና እምቢ ብትዪ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ዋና ሪክሩትመንት ድረስ በዚያ ግቢ የኮንፈረንሱን ሌላ ማኅበር መቀላቀል አትችዪም። ስለዚህ በፍጹም የማትገቢበትን ቤት አትጻፊ። በሌላ በኩል ሁለት ቤት ተጋብዘሽ አንዱን ብቻ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ያ ቤት ኮታውን፣ ማለትም ሊቀበል የተፈቀደለትን የአዲስ አባላት ቁጥር፣ ከአንቺ በፊት ከሞላ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። በብዙ ግቢዎች ሁሉንም የጻፈች ልጅ ኮታው ቢሞላም በተጨማሪነት ትመደባለች፤ አንድ ብቻ የጻፈች ግን ይህ ዕድል የላትም።

ስለ ገንዘብ፦ ዋጋው ከግቢ ግቢ፣ ከቤት ቤት በጣም ይለያያል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙውን ጊዜ ይወደዳል፤ የአዲስ አባል ክፍያ፣ የሥነ ሥርዓትና የደረት ዓርማ ወጪ ይደረብበታል። በሁለተኛው ዙር ገደማ የክፍያ ዝርዝር ያሳዩሻል፤ ፎቶ አንሺው፣ ለቤተሰብሽም ላኪው። በማኅበሩ ቤት የመኖር ግዴታ አለ ወይ? በክፍያ ዕቅድ መክፈል ይቻላል? ስብሰባ ላይ ብቀር ቅጣት አለው? እነዚህን ለአማካሪሽ አቅርቢ።

መግባት አለብሽ ወይስ የለብሽም? ችግርሽ የመጀመሪያ ትውውቅ ከሆነ ይህ ሂደት ይመችሻል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ተወስኖልሻል፣ ሰዓቱም አጭር ነው። በየሳምንቱ ስብሰባና ዝግጅት ላይ መገኘት ራሱ የሚያደክምሽ ከሆነ ግን አባልነቱ ይከብድሻል፤ ራሹን መጨረስሽ ያንን አይለውጠውም። አዲስ አባልን ማዋረድ፣ ማስጠጣት ወይም ማሠቃየት በኮንፈረንሱም በዩኒቨርሲቲዎችም የተከለከለ ነው። በዲሴምበር 2024 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም ዩኒቨርሲቲዎች ጥፋተኛ የሆኑ ማኅበራትን ስም ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ከመመዝገብሽ በፊት የግቢሽን ዝርዝር ፈልገሽ አንብቢ።

ትልቁ ሂደት ጨርሶ የማይሆንሽ ከመሰለሽ ሌላ በር አለ። ቁጥራቸው ያልሞላ ማኅበራት ከዋናው ሳምንት በኋላ «ኦፕን ቢዲንግ» በሚባለው መንገድ በቡና፣ በምሳ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ በመጨዋወት አባል ይቀበላሉ። ለጭምት ልጅ ብዙ ጊዜ ከዋናው ይሻላል። ክፍት ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ጥሪዎቹ በተሰጡበት ሳምንት የግቢሽን የፓንሄሌኒክ ቢሮ ጠይቂና ስምሽን አስመዝግቢ። ውሉን ሳትፈርሚ ከ«ራሽ» የወጣሽ ከሆነም ይህ በር አይዘጋብሽም።