ሰብ ኢንተርንሺፕ ምንድን ነው? ከእኛ ኢንተርንሺፕ በምን ይለያል?

አሜሪካ ሄዶ ስፔሻላይዝ ማድረግ የሚያስብ የሕክምና ተማሪ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህ ያለው ተማሪ የውጭ ሆስፒታሎችን መረጃ ሲያገላብጥ አንድ ቀን “ሰብ ኢንተርንሺፕ” የሚል ነገር ያጋጥመዋል። ወዲያው የሚመጣለት ግምት “ኢንተርንሺፕ ነው፣ ትንሽ ቀለል ያለ” የሚል ነው። ግማሹ ልክ ነው። የቀረው ግማሽ ግን ካልገባው ማመልከቻ ያበላሻል።

ሰብ ኢንተርንሺፕ የአሜሪካ ሕክምና ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ማለትም በአራተኛው ዓመት፣ የሚመደቡበት የሆስፒታል ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ይፈጃል። “አክቲንግ ኢንተርንሺፕ” የሚሉትም አሉ፤ ያው ነው። ተማሪው በእነዚህ ሳምንታት የኢንተርን ሥራ ይሠራል። የመጨረሻው ፊርማ ግን የእሱ አይደለም።

አራተኛ ዓመት ሲባል የእኛን አራተኛ ዓመት እንዳታስቡ። እዚያ ሰው ሕክምና የሚገባው ባብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕጻናት፣ ማህፀንና ጽንስ እያለ ይዞራል። ይሄ ከእኛ ሲ ዋን እና ሲ ቱ (ክሊኒካል አንድና ሁለት፣ ተማሪው ሆስፒታል ውስጥ የሚማርባቸው ዓመታት) አታችመንት ጋር ይቀራረባል። አራተኛው ዓመት ላይ ያለው ተማሪ እንግዲህ ለመመረቅ ወራት የቀሩት ሰው ነው። ከተመረቀ በኋላ “ኢንተርን” ይባላል። የእነሱ ኢንተርን ዲግሪውን የያዘ የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻላይዝ ለማድረግ እየሠለጠነ ያለ ሐኪም ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የሦስተኛ ዓመቱ ተማሪ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ይወስዳል፣ ይመረምራል፣ ኬዝ ያቀርባል። አንድ ነገር ቢያመልጠው በሽተኛው ላይ የሚደርስ ነገር የለም። ኢንተርኑ ያንኑ በሽተኛ ለብቻው አይቶታል። ሰብ ኢንተርንሺፕ ላይ ይሄ መሃል ያለው ሰው ይነሳል። ሰብ ኢንተርኑ በቀጥታ ከሬዚደንቱ ጋር ይሠራል። የደም ውጤቱን እሱ ካላየው፣ ቶሎ የሚያየው ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። “ለማጅ” የሚል የተለጠፈበት መኪና እንደመንዳት ነው፤ መሪው በእጅህ ነው፣ አስተማሪው እግር ሥር ግን ሌላ ፍሬን አለ።

ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። ራውንድ፣ ማለትም ቡድኑ አብሮ እየዞረ በሽተኞችን የሚያይበት ሰዓት፣ ከመጀመሩ በፊት በሽተኞቹን አንድ በአንድ ያያል። ሌሊት ምን ተፈጠረ? ትኩሳት ነበር? ሽንት ምን ያህል ወጣ? ፖታሲየሙ የት ደረሰ? ራውንድ ላይ ይሄን በጥቂት ደቂቃ ያቀርባል። ሲኒየሩ (ቡድኑን የሚመራው ስፔሻሊስት ሐኪም) መስማት የሚፈልገው ግን የቁጥር ጋጋታ አይደለም። “እና ዛሬ ምን እናድርግለት?” ለሚለው መልስ ነው የሚጠብቀው። መልሱ ስህተት ቢሆን ይታረማል። መልስ ይዞ አለመምጣት ግን አያስመሰግንም።

ስንት በሽተኛ ይይዛል? እንደ ሆስፒታሉና እንደ ክፍሉ ነው፤ ጥቂት ናቸው፣ ሦስት አራት ቢሆኑ ነው። የውስጥ ደዌ ኢንተርን እንኳ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ እንዳይዝ ደንብ አላቸው። (ይሄን ቁጥር ለእኛ ኢንተርን ብትነግሩት ይስቃል።)

ከራውንድ በኋላ ብዙ የማይወራለት ሥራ ይመጣል። ኮንሰልት መደወል (የሌላ ክፍል ሐኪም ማማከር)፣ ቤተሰብ ማነጋገር፣ ዲስቻርጅ (የመውጫ ወረቀት) ማዘጋጀት። ነርሷ ጥያቄ ሲኖራት መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነው። ኦርደር (የመድኃኒትና የምርመራ ትእዛዝ) ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፤ ሬዚደንቱ ወይም ሲኒየሩ ካልፈረመበት ግን ተግባራዊ አይሆንም። ስለ በሽተኛው የሚጽፈው ኖትም እንደዚያው ነው። በነገራችን ላይ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ የተማሪ ኖት ብዙም ዋጋ አልነበረውም። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለክፍያ ስለማይቀበለው ሐኪሙ ዋና ዋናውን እንደገና መጻፍ ነበረበት። በዚያ ዓመት ደንቡ ተሻሻለና ሲኒየሩ የተማሪውን ኖት አረጋግጦ መፈረም ተፈቀደለት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ የማታው ርክክብ ነው። የቀኑ ቡድን ሲወጣ በሽተኞቹን ለተረኛው ያስረክባል። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። “አልጋ 7 ደህና ናት” ብሎ መሄድ ርክክብ አይደለም። “አልጋ 7 ትኩሳት ከተመለሰባት ብለድ ካልቸር (ጀርም የሚፈለግበት የደም ናሙና) ውሰድ፣ ግፊቷ ከወረደ አትጠብቅ፣ ሬዚደንቱን ጥራ” ማለት ነው ርክክብ። ለዚህ “አይ-ፓስ” የሚባል አካሄድ አላቸው። ሕመሙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ በአጭሩ ይከተላል። ሌሊት የሚሠራው ሥራ ይዘረዘራል። ምን ሊፈጠር እንደሚችል፣ ከተፈጠረ ምን እንደሚደረግም ይነገራል። በመጨረሻ ተረካቢው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይሄን አካሄድ በዘጠኝ ሆስፒታሎች የሕጻናት ክፍሎች ፈትሾ ነበር። የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀነሰ። መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ መሣሪያ የለም። አነጋገር ብቻ ነው የተቀየረው።

ሰብ ኢንተርኑ አንዳንዴ ሌሊትም ይቆያል። ሌሊት የሚመጡት ጥሪዎች ከትምህርት ቤት ፈተና ጋር አይመሳሰሉም። አንዱ ሽንት ቀንሷል። ሌላዋ ግራ ተጋብታ ካኑላዋን (ደም ሥሯ ላይ የተሰካውን ቱቦ) ነቅላለች። አንዱ ሕመም አላስተኛውም። እዚህ ላይ የሚፈተነው እውቀት ብቻ አይደለም። የትኛውን ሄጄ ልየው? የትኛው እስኪነጋ ይቆያል? የትኛው ላይ ሬዚደንቱን ልቀስቅስ? የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ተመራቂ ሬዚደንሲ በጀመረበት ቀን ሰው አጠገቡ ሳይቆም ሊሠራቸው ይገባል ያላቸውን 13 ተግባራት አውጥቷል። ርክክብ አንዱ ነው። አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ እርዳታ መጥራትም አንዱ ነው። እርዳታ መጥራት እንደ ችሎታ መቆጠሩ ደስ ይለኛል። እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሬዚደንት መቀስቀስ አንዳንዴ ወኔ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሥራ ፍለጋ። የአሜሪካ ተማሪ ሬዚደንሲ የሚደርሰው “ማች” በሚባል ምደባ ነው፤ ውጤቱ በመጋቢት ወር ይታወቃል። ስለዚህ በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት ወራት፣ የሚፈልገው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ሰብ ኢንተርንሺፕ ይሠራል። ሆስፒታሉ አራት ሳምንት ሙሉ ያየዋል። እሱም ሆስፒታሉን ያያል። ከዚያ የሚገኘው የድጋፍ ደብዳቤ፣ በተለይ እንደ አጥንት ቀዶ ሕክምናና ድንገተኛ ሕክምና ባሉ ዘርፎች፣ ትልቅ ክብደት አለው። ጸባይም አብሮ ይመዘናል። ነርሶች ላይ የሚጮህ ተማሪ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ ተማሪ ሲ ቱን ጨርሶ የብቃት ፈተናውን ሲያልፍ ኢንተርን ይሆናል። ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕጻናት፣ ማህፀንና ጽንስ እያለ ዓመቱን ይዞራል። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ጋንዲ፣ የካቲት 12፤ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጋዎን ለብሶ ዱቲ (ተረኛነት) ሲገባና ሲወጣ የምታዩት ወጣት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካኑላ ይከፍታል፣ ናሙና ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ደም ያፈላልጋል፣ ምጥ ይከታተላል። አስታማሚው ሁሉ “ዶክተር” ይለዋል። ግን ገና አልተመረቀም።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የእኛ ኢንተርን በወረቀት ሲታይ እንደ አሜሪካው ሰብ ኢንተርን ተማሪ ነው። በሥራው ሲታይ ግን ከእነሱ ኢንተርን ጋር ይቀራረባል፤ አንዳንድ ሌሊት እንዲያውም ይበልጣል። ልዩነቱ የድልድዩ ነገር ነው። እነሱ ጋ ከተመልካችነት ወደ ተጠያቂነት የሚያሻግሩ አራት ሳምንታት አሉ፤ ጥቂት በሽተኛ፣ ቅርብ ክትትል፣ በየሳምንቱ “ይሄን አሻሽል” የሚል ሰው። እኛ ጋ አንድ ሰኞ ሲ ቱ የነበረ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ይይዛል። በእኔ እምነት የሲ ቱ የመጨረሻ ወር ለዚህ ቢውል የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው። ሦስት አልጋ ይሰጠው፣ ከአንድ ኢንተርን ጋር ዱቲ ይግባ፣ ማታ ሲያስረክብ ሬዚደንት ቆሞ ይስማው። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሰው ጊዜ ግን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ዎርድ ውስጥ ከሁሉም ነገር በላይ የተወደደ ነው።

ወደ አሜሪካ ለሚያስቡ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በሽተኛ መንካት የሚፈቅድ ምድብ፣ ሰብ ኢንተርንሺፕም ይሁን ተራ ኢሌክቲቭ (ተማሪው መርጦ የሚገባበት የአጭር ጊዜ ምድብ)፣ ባብዛኛው የሚሰጠው ገና ላልተመረቀ ተማሪ ነው። ከተመረቃችሁ በኋላ በብዛት የሚቀርላችሁ ኦብዘርቨርሺፕ ነው፤ ቆሞ ማየት። ሁለቱ ማመልከቻ ላይ እኩል አይመዘኑም። እና ጊዜውን አስቀድሞ ማስላት ግድ ነው፤ ኢንተርንሺፕ ከተጀመረ በኋላ አራት ሳምንት ፈቃድ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዳንድ ሆስፒታል ሰብ ኢንተርንሺፕን ለአሜሪካ ተማሪዎች ብቻ ይዞ ለውጭ ተማሪ ኢሌክቲቭ ብቻ ይሰጣል። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከትምህርት ቤታችሁ የዲን ደብዳቤ፣ የክትባት ማስረጃ፣ የቲቢ ምርመራ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሙያ ስህተት መድን ይጠየቃል። ክፍያ የሌለበት የተማሪ ኢሌክቲቭ በቢ-1 ቪዛ ሊሠራ ይችላል፤ ደብዳቤው ላይ ግን ምን እንደምትሠሩ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሲቪ ላይ “ኢንተርን” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። አሜሪካዊ አንባቢ ወይ “ተመርቋል ማለት ነው” ይላል፣ ወይ ደግሞ የቢሮ ልምምድ ይመስለዋል። ከመመረቅ በፊት የሚሠራ የግዴታ የማዞሪያ ዓመት መሆኑን ጻፉ። ስንት ወር በየትኛው ክፍል እንደቆያችሁ፣ በዱቲ ሌሊት ስንት አልጋ እንደያዛችሁ፣ በማን ክትትል እንደሠራችሁ ጨምሩበት። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሲኒየርም ይሄንኑ ቢደግመው ጥሩ ነው።