«ማርሚታ ቀይሬአለሁ፣ ጄቱን አሳድግልኝ»

ሳምንት አይሞላም፣ አንዱ ከሸዋ በር ወይም ከሐይቅ የሚጮህ ማርሚታ (የጭስ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ድምፅ ማፈኛ) አስገጥሞ ደሴ ጋራዤ ይመጣል። ገና ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ «ማርሚታ ቀይሬአለሁ፣ ጄቱን በትልቅ ቀይርልኝ» ይለኛል። ማን አለህ ስለው ቪዲዮ ላይ አየሁ ይላል። ቪዲዮው ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ቢቀረጽስ? እሱን አላሰበበትም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ጎማ፣ መሪ፣ መብራት ወይም የሰንሰለት ጥርስ መቀየር ነዳጅ ማስተካከል አይጠይቅም። ሞተሩ የሚስበውን አየር አይነኩማ! ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ ማድረግም ማስተካከል አይባልም፤ ሞተሩ ቆሞ እንዳይጠፋ ያደርጋል እንጂ። ማርሚታ ጮኸ ማለት ደግሞ ጉልበት ጨመረ ማለት አይደለም፤ ጎረቤት ተረበሸ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጄቱ። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለች፣ ቀዳዳዋ የተለካ ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ቤንዚኑ የሚያልፈው በሷ ነው። አየር ሲጨምር ቤንዚንም መጨመር አለበት፣ ይሄ ልክ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ግን አየሩ በእርግጥ ጨምሯል ወይ? የጫፉን ማርሚታ ብቻ ቀይረህ የፊልትሮውን (የአየር ማጣሪያውን) ሳጥን ካልነካህ፣ ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ኢምንት ነው። የጭስ ቱቦውን ከሞተሩ ጀምሮ ከቀየርክ፣ ሳጥኑን አውልቀህ ክፍት ፊልትሮ ካስገባህ ወይም ፒስተን ካሳደግህ ያኔ ማስተካከል ግድ ነው። (ክፍት ፊልትሮ በኛ አቧራ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግህ ግን እኔ አይገባኝም።)

ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን አየሩ በሳሳበት ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተለካ ጄት እዚህ ሲወጣ ድሮም ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ ትልቅ ጄት?

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሌላ ቦታ ጄቱን አስጨምሮ መጣ። ሐረጎ ዳገት ላይ ሞተር ብስክሌቷን ያንቃታል፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች። ካንዴላዋን (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን) ስፈታው ከሰል መስሏል። የፋብሪካውን ጄት መለስኩላት፣ አዲሱን ማርሚታ አልነካሁትም። ዳገቱን እየዘለለች ወጣች።

«እንግዲያው አሳንስልኝ» ይላል ሌላው። ቆይ ወንድሜ! ደሴ ውስጥ ብቻ የምትነዳ ከሆነ አብሽር፣ እናሳንሳለን። ኮምቦልቻ ወርደህ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ውለህ፣ ሚሌ ድረስ የምትዘልቅ ከሆነ ግን ለደሴ የተለካው ጄት ቆላ ላይ ቤንዚን ያሳንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ሲብስበት ፒስተን ይበሳል። የሚያጨስ ሞተር ያሳፍራል፣ ይሄኛው ኪስ ያራቁታል።

«የኔ ኢንጀክሽን ነው፣ ራሱ ያስተካክላል» የሚሉም አሉ፤ በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨውን ማለታቸው ነው። ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቹ የአየር ግፊት ስለሚለኩ ዳገቱና ቆላው አያስጨንቃቸውም። ጭስ ቱቦው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ካለም ረጋ ብለህ ስትነዳ ያርማል። የማረም አቅሙ ግን ወሰን አለው፤ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩን አይሰማም።

የነዳጅ እጀታውን ስትመልሰው ማርሚታው ቢተኩስ ወዲያው ጄት አትበል። መጀመሪያ ቱቦው ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ አየር እንዳይገባ እይ።

ራስህ ማየት ከፈለግህ ዳገት ላይ ነዳጅ ሰጥተህ ንዳ፣ ከዚያ አጥፍተህ ካንዴላውን ፍታ። የቡና ቀለም ካለው ተወው። ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል። ሞተሩ የሚያስቸግርህ ነዳጅ በትንሹ ስትሰጥ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው? እሱንም ንገረኝ፤ ካርቡሬተር ውስጥ ትንሽም ትልቅም ጄት አለ፣ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ጄት ካስቀየርክ የድሮውን አትጣለው፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ አለ። ቀዳዳውን በመርፌ ያሰፋህ ከሆነ ግን አዲስ ጄት ገዝተህ ና።